403 ሲገጥማችሁ፦ 777፣ ቾውን፣ ግሩፕ፣ ኤሲኤል ወይስ ሳይቱን ቦታ መቀየር? የቱ ለማን ይሆናል

የራሳችሁ ሰርቨር ላይ ሳይት አስቀምጣችሁ፣ ፋይሉ እዛው እንዳለ በአይናችሁ እያያችሁት ብራውዘሩ 403 ፎርቢድን ብሎ ድርቅ ካለ፣ ፈልጋችሁ የምታገኙት የመጀመሪያ ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ በሲኤችሞድ፣ ማለትም ፐርሚሽን በሚቀይረው ኮማንድ፣ 777 አርገው። ይሰራል ደግሞ፣ ችግሩ መስራቱ ነው። ገጹ ይከፈታል፣ ሰውየው እፎይ ብሎ ላፕቶፑን ይዘጋል፣ ከዛ በኋላ ግን ሰርቨሩ ላይ ያለ ማንኛውም ዩዘርና ፕሮግራም የሳይቱን ፋይል እንዳሻው መቀየር እንደሚችል የሚነግረው የለም።

403 ባብዛኛው የማንበብ ችግር ነው። ዌብ ሰርቨሩ ፋይሉን ማንበብ ወይ ወደ ፎልደሩ መግባት ስላልቻለ ነው እምቢ ያለው። 777 ግን ከማንበብ አልፎ መጻፍ ነው የሚፈቅደው፣ ያውም ለሁሉም። ስለዚ ከታች ያሉትን አማራጮች የማወዳድራቸው በዚ ነው፦ የማንበቡን ችግር ለመፍታት ብለን ስንት ሳያስፈልግ የመጻፍ መብት እንለቃለን? የትኛው ይፈጥናል የሚለው ብዙም አያሳስብም፣ ሁሉም የደቂቃዎች ስራ ናቸው።

ኮማንዶቹን እንደሚነበቡት ነው የጻፍኳቸው፣ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ። እንደ 755 ያሉት የፐርሚሽን ቁጥሮች በተራ ለባለቤቱ፣ ለግሩፑና ለሌላው ሁሉ ናቸው፣ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ኤክስ (ፋይል ላይ ማስኬድ፣ ፎልደር ላይ ማለፍ) 1 ሆኖ ይደመራል። ዌብ ሰርቨሩ የሚሰራበትን ዩዘር ደግሞ "የሰርቨሩ ዩዘር" እያልኩ እቀጥላለሁ። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ደብሊውደብሊውደብሊው-ዳታ ይባላል፣ ሮኪ ወይ አልማሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ግን እንደሰርቨሩ አይነት አፓቼ ወይ ኤንጂንኤክስ ነው ስሙ።

መጀመሪያ እምቢ ያለው ማነው?

መፍትሄ ከመምረጣችሁ በፊት እምቢታው ከየት እንደመጣ እወቁ፣ ምክንያቱም 403 ን አምስት የተለያዩ ነገሮች ሊልኩት ይችላሉ፣ የአንዱ መድሃኒት ደግሞ ለሌላው ምንም አይሰራም። 404 ከሆነ ፋይሉ አልተገኘም ነው፣ 401 ከሆነ ፓስወርድ ይፈልጋል፣ 500 ከሆነ ኮዱ ወይ ኮንፊጉ ተበላሽቷል። 403 ማለት ግን ጥያቄህን ሰምቻለሁ፣ ገብቶኛልም፣ አልሰጥህም ነው።

ቀላሉ መለያ ሎግ ነው። ኤንጂንኤክስ ከሆነ ኤረር ሎጉ ላይ "13 ፐርሚሽን ዲናይድ" የሚል ካገኛችሁ ጉዳዩ የሊኑክስ ፐርሚሽን ወይ ኤስኢሊኑክስ (ከፐርሚሽኑ በተጨማሪ በሌብል የሚቆጣጠር የሊኑክስ ጥበቃ) ነው። "ዳይሬክተሪ ኢንዴክስ ኢዝ ፎርቢድን" ካለ ደግሞ ፐርሚሽኑ ደህና ነው፣ ፎልደሩ ውስጥ ኢንዴክስ ፋይል ስላጣ ነው። አፓቼ በቁጥር ይነግራችኋል፦ ኤኤች00035 ከሆነ በመንገዱ ላይ ያለ አንዱ ፎልደር አላሳልፍ ብሎታል፣ ኤኤች01630 ከሆነ የከለከለው የራሱ የአፓቼ ኮንፊግ ነው፣ ኤኤች01276 ከሆነ ኢንዴክስ ፋይል የለም። እነዚን ሶስት ቁጥሮች የሚያውቅ ሰው ስንት ሰአት እንደሚተርፈው።

ኤረር ሎጉም አክሰስ ሎጉም ላይ ምንም ካልተጻፈስ? እንግዲያው ጥያቄው ሰርቨራችሁ ጋ አልደረሰም ማለት ነው፣ ወይ ደግሞ የሌላ ሳይት ሎግ ነው የምታዩት። ከፊት ክላውድፍሌር (ጥያቄውን ከሰርቨራችሁ በፊት ተቀብሎ የሚያስተላልፍ አገልግሎት) ካለ እምቢ ያለው እሱ ሊሆን ይችላል፣ የሱ የራሱ ገጽ ከታች ሬይ አይዲ የሚል ቁጥር ስላለው ያስታውቃል።

ሌላ በጣም የምወዳት ምርመራ አለች። ሰርቨሩ ላይ ገብታችሁ በሰርቨሩ ዩዘር ስም ፋይሉን ለማንበብ ሞክሩ፣ ሱዶ ሰረዝ ዩ፣ የዩዘሩ ስም፣ ካት፣ ከዛ የፋይሉ ሙሉ ፓዝ። እዛም ፐርሚሽን ዲናይድ ካለ ቀጥታ የፐርሚሽን ጉዳይ ነው። አነበበው፣ ብራውዘር ላይ ግን አሁንም 403 ነው? እንግዲያው ሲኤችሞድ መነካካቱን አቁሙ፣ ችግሩ ኮንፊግ፣ ኤስኢሊኑክስ ወይ ፋየርዎል ነው። ይቺን ሳያረጉ ፐርሚሽን መቀያየር ዝም ብሎ ሰርቨሩን ማቆሸሽ ነው።

ፋይሉ ክፍት፣ መንገዱ ዝግ

ብዙ ሰው ፋይሉን 644 አርጎ፣ ፎልደሩን 755 አርጎ አሁንም 403 ሲመጣበት ግራ ይገባዋል። ፎልደር ላይ ኤክስ የሚለው ፐርሚሽን ማስኬድ ማለት አይደለም፣ ማለፍ ማለት ነው፣ እና ከስሩ ጀምሮ እስከ ፋይሉ ያለው እያንዳንዱ ፎልደር ላይ የሰርቨሩ ዩዘር ማለፍ መቻል አለበት። የግቢው ዘበኛ አላስገባም ካለ የሳሎኑ በር ክፍት መሆኑ ምን ይጠቅማል። ኔምኢአይ ሰረዝ ኤል ብላችሁ ሙሉ ፓዙን ስትሰጡት የእያንዳንዱን ፎልደር ፐርሚሽን በተራ ይዘረዝርላችኋል፣ የትኛው ላይ እንደተዘጋ ወዲያው ይታያል።

እዚ ጋ በጣም የተለመደው ወጥመድ ሆም ፎልደር ነው። ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ አዲስ ዩዘር ሲፈጠር ሆም ፎልደሩን 750 አርጎ ነው የሚሰራው፣ ድሮ 755 ነበር። ስለዚ ድሮ የተጻፈ መመሪያ ይዛችሁ ሳይቱን ሆም ውስጥ ብታስቀምጡ፣ ጸሀፊው ጋ የሰራው እናንተ ጋ 403 ይላል፣ የሁለታችሁም ኮማንድ አንድ አይነት ሆኖ።

ምን አማራጭ አለ? አንደኛው ሆሙን 755 ማረግ ነው፣ ይሰራል ግን ሰርቨሩ ላይ ያለ ሁሉ የሆማችሁን ፋይሎች ስም መዘርዘር ይችላል። ሁለተኛው 711 ነው፣ ሌላው ሰው ያልፋል እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ መዘርዘር አይችልም፣ ከ755 ይሻላል። ሶስተኛው ኤሲኤል ነው፣ ሴትኤፍኤሲኤል በሚባለው ኮማንድ ለሰርቨሩ ዩዘር ብቻ ነጥሎ ኤክስ መስጠት። ከሶስቱ ጠባቡና ንጹሁ ይሄ ነው፣ ማንም ሌላ ሰው ምንም አያገኝም። ግን ሁለት ነገር አለበት። አንደኛ፣ ኤሲኤል ያለው ፎልደር ላይ በኋላ ሲኤችሞድ 700 ብትሉ የግሩፑ ቢት ማስክ ሆኖ ስለሚሰራ ኤሲኤሉ ተጽፎ እያለ ዝም ብሎ መስራት ያቆማል፣ እና ከስድስት ወር በኋላ ያንን የሚያስታውስ የለም። ሁለተኛ፣ ታር ስታረጉ ኤሲኤል ያዝ ካላላችሁት ባካፑ ውስጥ አይገባም፣ ሰርቨር ቀይራችሁ ስትመልሱት 403 ው አብሮ ይመለሳል።

አራተኛው ሳይቱን ከሆም አውጥቶ ቫር ስር ያለው ደብሊውደብሊውደብሊው ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ነው፣ እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው። እዛ ያሉት ፎልደሮች ከመጀመሪያውም እንዲታለፉ ተብለው የተሰሩ ናቸው፣ አፓቼም በዲፎልት እዛ ያለውን እንዲያሳይ ተፈቅዶለታል፣ ኤስኢሊኑክስም ቦታውን ያውቀዋል። በተጨማሪ አንዳንድ ሰርቪሶች ሲስተምዲ (ሰርቪሶችን የሚያስነሳው የሊኑክስ ፕሮግራም) ላይ ፕሮቴክትሆም የሚል ሴቲንግ በርቶላቸው ከሆነ ሆም ፎልደርን ጭራሽ አያዩትም፣ ያኔ ፐርሚሽን ብትቀያይሩ ውላችሁ ብታድሩ ለውጥ የለውም። ቦታ መቀየር የማይመቸው ምናልባት ሆሙ ሌላ ትልቅ ዲስክ ላይ ሆኖ ሳይቱ በፎቶና በቪዲዮ የተሞላ ከሆነ ነው፣ ያኔ ኤሲኤል ተጠቀሙ ወይ ዲስኩን ሌላ ቦታ ማውንት አርጉት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልል አላልፍም፣ ሆም ፎልደር ላይ 777 በጭራሽ። ኤስኤስኤች በዲፎልት ሆማችሁን ሌላ ሰው ሊጽፍበት እንደሚችል ካየ በኪይ መግባትን ይከለክላል። ፓስወርድ ሎጊን አጥፍታችሁ ከሆነ ሳይቱን ልከፍት ብላችሁ ራሳችሁ ውጪ ትቀራላችሁ፣ ከዛ በሆስቲንግ ድርጅቱ ኮንሶል በኩል መግባት ነው።

ባለቤቱ ማን ይሁን?

ዋናው ምርጫ እዚ ነው፣ ሰው የሚጨቃጨቀውም እዚ ላይ ነው። መንገዱ ክፍት ሆኖ ፋይሎቹ ካልተነበቡ አራት መንገድ አለ።

777 ን ተውት፣ ከላይ ያልኩት ይበቃል። አንዳንዱ "ለጊዜው ነው" ይላል፣ ለጊዜው የተባለ 777 ግን እስከ ሰርቨሩ እድሜ ድረስ ነው የሚቆየው፣ ሳይቱ ከሰራ ማን ተመልሶ ያየዋል።

ሁለተኛው ሁሉንም ፋይል በቾውን (የባለቤት መቀየሪያ ኮማንድ) ለሰርቨሩ ዩዘር መስጠት ነው። የወርድፕረስ ሰው ይሄን ይወደዋል፣ ምክንያቱም ፕለጊን መጫንና አፕዴት ማረግ ያለምንም ጥያቄ ይሰራል። ዋጋው ግን ፒኤችፒው ራሱ የሚሰራበት ዩዘር የኮዱ ሁሉ ባለቤት ይሆናል፣ ስለዚ አንድ ፕለጊን ላይ ክፍተት ያገኘ ሰው ፎቶ መጫን ብቻ አይደለም፣ የወርድፕረሱን ዋና ፋይሎች መልሶ መጻፍ ይችላል። ሰርቨሩ ላይ ሶስት ሳይት ካላችሁና ሶስቱም የአንድ ዩዘር ከሆኑ ደግሞ አንዱ ሲጠለፍ ሶስቱም ሄዱ ማለት ነው። ሌላው አሰልቺ ነገር እናንተ በኤስኤስኤች ስትገቡ ፋይሉ የናንተ ስላልሆነ ሁሉን በሱዶ ነው የምትነኩት፣ በሱዶ የተፈጠረ አዲስ ፋይል የሩት (የዋናው አድሚን) ይሆናል፣ ከዛ እሱ ላይ ሌላ 403 ሊመጣ ይችላል። አንድ ትንሽ ብሎግ ብቻ ላለው፣ ባካፕ ለሚይዝ፣ አፕዴት ለማይረሳ ሰው የሚያስኬድ ነው፣ ከዛ በላይ ግን አልመክርም።

ሶስተኛው ባለቤቱ እናንተ፣ ግሩፑ የሰርቨሩ ዩዘር ግሩፕ፣ ፎልደሮች 750፣ ፋይሎች 640። ሰርቨሩ በግሩፕ በኩል ያነባል፣ አይጽፍም። ሌላው ሰው ምንም የለውም። መጻፍ የግድ የሚያስፈልገው ፎልደር ብቻ ተነጥሎ 770 ይሆናል፣ ወርድፕረስ ከሆነ አፕሎድስ፣ ላራቬል ከሆነ ስቶሬጅና ቡትስትራፕ ውስጥ ያለው ካሽ። እኔ በብዛት የምመርጠው ይሄን ነው፣ ለተራ ኤችቲኤምኤል ሳይትማ ሌላውን ማሰብ ራሱ አያስፈልግም።

ወርድፕረስ ላይ ግን አንድ የሚያናድድ ነገር አለው፣ አፕዴት ስትሉት የኤፍቲፒ ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። ግሩፑ እንዲጽፍ ብትፈቅዱለት እንኳን ይጠይቃል፣ ምክንያቱም ወርድፕረስ የሚያየው መጻፍ መቻሉን ብቻ አይደለም፣ ሙከራ ፋይል ፈጥሮ የዛ ፋይል ባለቤት ከራሱ የወርድፕረስ ፋይሎች ባለቤት ጋ አንድ መሆኑን ያመሳክራል፣ ካልተገናኘ ወደ ኤፍቲፒ ይሄዳል። ኮንፊጉ ላይ ኤፍኤስ ሜተድ የሚለውን ዳይሬክት ብሎ ማስገደድ ይቻላል፣ ግን ያኔ ለግሩፑ በየቦታው መጻፍ መፍቀድ ስላለባችሁ ወደ ሁለተኛው አማራጭ ዞራችሁ ገባችሁ። የተሻለው አፕዴቱን ደብሊውፒ-ሲኤልአይ በሚባለው የወርድፕረስ የተርሚናል ኮማንድ በራሳችሁ ዩዘር ማረግ ነው፣ ክሮን (በሰአቱ ኮማንድ የሚያስኬድ) ላይ ካስቀመጣችሁት በራሱ ይሄዳል። ዳሽቦርዱን የሚጠቀመው ቴክኒክ የማያውቅ ደንበኛ ከሆነና "አፕዴት የሚለውን ስነካው ምንድነው የሚለኝ" እያለ የሚደውልላችሁ ከሆነ ይሄ አማራጭ አይመቻችሁም።

ለዛ አይነቱ አራተኛው አለ፦ ለእያንዳንዱ ሳይት የራሱ ዩዘርና የራሱ የፒኤችፒ-ኤፍፒኤም ፑል (በራሱ ዩዘር ስም የሚሰሩ የፒኤችፒ ፕሮሰሶች)። ፒኤችፒው በሳይቱ ባለቤት ስም ይሰራል፣ ስለዚ አፕዴቱ ያለ ኤፍቲፒ ይሄዳል፣ ኤንጂንኤክስ ወይ አፓቼ ደግሞ በግሩፕ በኩል ምስሉንና ሲኤስኤሱን ያነባል ብቻ። ሳይቱ ከተጠለፈ የራሱን ፋይል ሊያበላሽ ይችላል፣ እዚ ላይ ከሶስተኛው ይደክማል፣ ግን ጎረቤቱን መንካት አይችልም። የሁለት ሶስት ሰው ሳይት አንድ ቪፒኤስ ላይ የምታስተዳድሩ ከሆነ ያለምንም ማመንታት ይሄን አርጉ። ፑል መስራት አንድ አጭር ፋይል መገልበጥና ስም መቀየር ነው፣ ሰው ስሙን ሰምቶ ነው የሚፈራው። የሚረሳው ነገር ዌብ ሰርቨሩና ፒኤችፒው የሚገናኙበት የሶኬቱ ፋይል ነው፣ ሊስን ኦውነርና ሊስን ግሩፕ የሚሉት ላይ የሰርቨሩ ዩዘር ካልተጻፈ ኤንጂንኤክስ ሶኬቱን መክፈት አቅቶት 502 ይላል፣ ያ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው።

የቱንም ብትመርጡ አፕሎድስ ፎልደር ውስጥ ፒኤችፒ እንዳይሰራ በኮንፊግ ዝጉት። መጻፍ የሚቻልበት ቦታ ኮድ የሚሰራበት ቦታ መሆን የለበትም።

ፐርሚሽኑን በጅምላ ስትቀይሩ ሲኤችሞድ ሰረዝ አር 755 አትበሉ፣ ፎቶው ሁሉ ኤክስኪውተብል ይሆናል። ወይ በፋይንድ ፎልደሩንና ፋይሉን ለዩት፣ ወይ ደግሞ በቁጥሩ ፋንታ የፊደሉን አጻጻፍ ተጠቅማችሁ ካፒታል ኤክስ አርጉ፣ እሷ ለፎልደርና ድሮም ኤክስኪውተብል ለነበረ ፋይል ብቻ ነው ኤክስ የምትሰጠው።

አስተካክላችሁት ነገ ተመልሶ ከመጣ

ትላንት የሰራ ሳይት ዛሬ አዲስ የተጫነው ፋይል ላይ ብቻ 403 ካለ አሮጌውን ፋይል አትንኩ፣ አዲሱ እንዴት እንደሚፈጠር ነው ማየት ያለባችሁ። ዩማስካችሁ (አዲስ ፋይል ሲፈጠር የሚቀነሱት ፐርሚሽኖች) 077 ከሆነ እያንዳንዱ አዲስ ፋይል 600 ሆኖ ይወለዳል፣ ሰርቨሩ አያነበውም። ፋይል የምትጭኑበት አርሲንክ ሰረዝ ኤ ደግሞ የላፕቶፓችሁን ፐርሚሽን እንዳለ ተሸክሞ ይመጣል፣ ላፕቶፑ ላይ 600 ከነበረ እዛም 600 ነው። እዚ ሁለት አማራጭ አለ፣ ከጫናችሁ በኋላ በስክሪፕት ሁሌ ማስተካከል ወይ ሲጫን ጀምሮ ትክክል እንዲሆን ማረግ። ሁለተኛው ይሻላል፦ አርሲንኩ ላይ ሲኤችሞድ የሚለውን ኦፕሽን ጨምሩና ለፎልደር ዲ2750፣ ለፋይል ኤፍ640 በሉት፣ ግሩፑን እንዳይነካም ኖ-ግሩፕ ጨምሩበት። ከፊት ያለችው 2 ሴትጂአይዲ ናት፣ እዛ ፎልደር ውስጥ የሚፈጠር ነገር ሁሉ የፎልደሩን ግሩፕ እንዲወርስ ታረጋለች። ግሩፑን እንጂ ፐርሚሽኑን አታስተካክልም ግን፣ ዩማስኩን የግድ ማየት አለባችሁ።

ሮኪ፣ አልማ፣ ፌዶራ ላይ ያላችሁ

ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ፣ ካቱም አንብቦ፣ ሎጉ ግን አሁንም 13 የሚል ከሆነ ኤስኢሊኑክስ ነው። ኤልኤስ ሰረዝ ትልቁ ዜድ ብላችሁ ሌብሉን እዩት። ሳይቱን ሆም ውስጥ ሰርታችሁ በኤምቪ ካመጣችሁት የሆም ሌብሉን ይዞ ነው የሚመጣው፣ በሲፒ ብታመጡት ኖሮ የአዲሱን ቦታ ሌብል ይወስድ ነበር። ሰው ይሄን ሳያውቅ ቀኑን ሙሉ ይታገላል።

አማራጩ ሶስት ነው። ሴትኢንፎርስ 0 ሁሉንም ዝም ያሰኛል፣ እሱ ለምርመራ ብቻ ይሁን፣ አጥፍታችሁ ገጹ ከተከፈተ ጥፋተኛው ታወቀ፣ ወዲያው መልሱት። ሲኤችኮን ፋይሉ ላይ ሌብሉን ይቀይራል፣ ግን አንድ ሰው ሪስቶርኮን ሲያረግ ወይ ሲስተሙ እንደገና ሌብል ሲደረግ ይጠፋል። ሴማኔጅ ኤፍኮንቴክስት ደንቡን ራሱ ይመዘግበዋል፣ ከዛ ሪስቶርኮን፣ በቃ። ሳይቱ ቫር ስር ባለው በተለመደው ቦታ ከሆነ ደግሞ ደንቡ ድሮም አለ፣ ሪስቶርኮን ሰረዝ አር ብቻዋን ትበቃለች። እዚም ላይ ማንበብና መጻፍ የተለያየ ሌብል ነው ያላቸው፣ አርደብሊው የሚል ያለበትን ለአፕሎድ ፎልደር ብቻ ስጡ፣ ለሳይቱ በሙሉ ከሰጣችሁት ከ777 ብዙም አይርቅም።

ዶከር

ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴነር በሚባል የተለየ ቦታ የሚያስኬድ) ውስጥ የዩዘር ስም አይሰራም፣ ቁጥር ነው የሚሰራው። ከውጪ ማውንት ያረጋችሁት ፎልደር ላይ የሚታየው የዩዘሩ ቁጥር ነው፣ ይሄ ቁጥር ደግሞ እንደ ኢሜጁ ይለያያል፦ የሰርቨሩ ዩዘር ዴቢያን ላይ በተመሰረተ ኢሜጅ 33 ነው፣ አልፓይን ላይ 82 ነው፣ የኤንጂንኤክስ ኦፊሻል ኢሜጅ ደግሞ የራሱን ዩዘር 101 አርጎታል። የፒኤችፒ ኢሜጁን ቦታ ይቆጥባል ብላችሁ ከዴቢያን ወደ አልፓይን ስትቀይሩ ድንገት ሳይቱ ካልከፈተ ሌላ አትፈልጉ። ውጪ ላይ በቁጥሩ ቾውን አርጉ፣ ወይ ሁለቱም ኮንቴነሮች የሚያነቡት የጋራ ግሩፕ ስጡ። ኤስኢሊኑክስ ያለበት ማሽን ከሆነ ቮልዩሙ መጨረሻ ላይ ትንሿን ዜድ መጨመር አትርሱ፣ ካፒታሏ ለአንድ ኮንቴነር ብቻ ነው የምትሰጠው።

የኮንፊግ እምቢታ

አፓቼ ኤኤች01630 ካለ ፐርሚሽን አይደለም። ኡቡንቱ ላይ አፓቼ ከስሩ ጀምሮ ሁሉንም ከልክሎ ለቫር-ደብሊውደብሊውደብሊውና ለዩኤስአር-ሼር ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ ሳይቱን ኤስአርቪ ውስጥ ካስቀመጣችሁ ራሳችሁ መፍቀድ አለባችሁ። ለዛች ፎልደር ብቻ ዳይሬክተሪ ብሎክ ጻፉና ውስጡ ሪኳየር ኦል ግራንትድ በሉ። የስሩን ብሎክ መክፈት ሰነፍ መፍትሄ ነው፣ ሙሉ ዲስኩን ነው የምትከፍቱት። ድሮ የነበረው ኦርደር አላው ዲናይ የሚል አጻጻፍ የ2.2 ነው፣ ከ2.4 ወዲህ በሪኳየር ተተክቷል፣ ሁለቱን ማደባለቅ ራሱ 403 ያመጣል።

በ.ኤችቲአክሰስ (ሳይቱ ፎልደር ውስጥ በሚቀመጥ የአፓቼ ኮንፊግ ፋይል) ወይስ በዋናው ኮንፊግ? ሰርቨሩ የራሳችሁ ከሆነ በዋናው፣ አንድ ቦታ ላይ ተጽፎ ይታያል፣ ይፈጥናልም። .ኤችቲአክሰስ ዋና ኮንፊግ መንካት ለማይችል ለሼርድ ሆስቲንግ ሰው ነው። በተለይ ደግሞ ከአፓቼ ወደ ኤንጂንኤክስ የምትዛወሩ ይሄን ልብ በሉ፦ ኤንጂንኤክስ .ኤችቲአክሰስን ጭራሽ አያነብም። ድሮ በሱ የዘጋችሁት ባካፕ ፎልደር ከዛሬ ጀምሮ ክፍት ነው።

ኢንዴክስ ፋይል ስለጠፋ የመጣ 403 ከሆነ የፎልደሩን ዝርዝር ማብራት ላይ አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ አለ፣ ስሙ ግን በካፒታል ይጀምራል፣ ዊንዶውስ ላይ ችግር የሌለው ነገር ሊኑክስ ላይ ሌላ ፋይል ነው። ዝርዝር ማብራት የሚገባው ሰዎች እንዲያወርዱ ብላችሁ ላስቀመጣችሁት ፎልደር ብቻ ነው።

ፋየርዎሉ ከሆነ

ገጹ ይከፈታል፣ ፖስት ሴቭ ስታረጉ ብቻ 403? ይሄ ፐርሚሽን ሊሆን አይችልም ማለት ይቻላል፣ ሞድሴኪዩሪቲ የሚባለውን የዌብ ፋየርዎል እዩ። ሎጉ ላይ የከለከለው ሩል አይዲ ተጽፏል። ያንን አንድ ሩል፣ ለዛ አንድ ገጽ ብቻ ማስወጣት ሁሉን ከማጥፋት በብዙ ይሻላል፣ ስራ ካልቆመባችሁ ደግሞ ዲቴክሽን ኦንሊ (መዝግቦ የማይከለክል) ላይ አርጋችሁ ጥቂት ቀን ሎጉን ማየት ነው። አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ላይ የሚደርስ ልዩ ጣጣም አለ፦ ሞድሴኪዩሪቲ የሚጠቀምበት የሩል ስብስብ፣ የኦዋስፕ ኮር ሩል ሴት፣ ፓራኖያ ሌቭሉ (የጥብቅነት ደረጃው) ወደ 3 እና 4 ሲወጣ ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጪ ያለውን ካራክተር እንደ ጥቃት መቁጠር ይጀምራል፣ ሰላም ናችሁ ብሎ መጻፍ ራሱ ያስከለክላል። አንድ ሰው ለደህንነት ብሎ ሌቭሉን ከፍ አርጎት ከሆነ ለአማርኛ ሳይት ወደ 1 መልሱት፣ ዲፎልቱም እሱ ነው።

አድሚን ገጹን በአይፒ ብቻ የዘጋችሁ ደግሞ፣ በሞባይል ዳታ የምትሰሩ ከሆነ አይፒያችሁ ስለሚቀያየር 403 ው እየሄደ እየመጣ ያስቸግራችኋል። ሰፊ የአይፒ ክልል ከመክፈት ወይ ባለ ፓስወርድ ቤዚክ ኦት ከፊት አስቀምጡ፣ ወይ ዋየርጋርድ የሚባለውን ቪፒኤን ጫኑና በሱ ግቡ። ለአንድ ሰው ዋየርጋርድ፣ ከሁለት በላይ አድሚን ካለ ቤዚክ ኦት ይቀላል። ፌይልቱባን (ደጋግሞ የሞከረን አይፒ የሚዘጋ ፕሮግራም) የዘጋው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ 403 አያይም፣ ኮኔክሽኑ ጭራሽ አይከፍትለትም፣ ስለዚ እሱን አትጠርጥሩ።

ሲፓነል ላይ ያላችሁ አጭር ነው፦ ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል ፎልደር 750 ሆኖ ግሩፑ ኖባዲ ከሆነ ትክክል ነው፣ ተዉት። ባካፕ ከመለሳችሁ በኋላ 403 ከመጣ ግን ያ ግሩፕ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ ግሩፕ የመቀየር መብት ስለሌላችሁ ለሆስቲንጉ ሰፖርት ጻፉላቸው።

መፈታት የሌለበት 403

ሁሉም 403 ስህተት አይደለም። .ኤንቭ (ፓስወርድና ኪይ የሚቀመጥበት ፋይል)፣ .ጊት (የኮዱ ታሪክ ያለበት ፎልደር)፣ የዳታቤዝ ባካፕ፣ እነዚ ላይ 403 ከመጣ ደስ ይበላችሁ። 403 ወይስ 404 ይመልሱ የሚል ክርክር አለ፣ 403 "አለ ግን አልሰጥህም" ብሎ መኖሩን ስለሚናገር እኔ 404 ን እመርጣለሁ፣ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው።

ፐርሚሽን ነካክታችሁ ስትጨርሱ ከስልካችሁ፣ ዋይፋይ አጥፍታችሁ፣ የሳይቱን አድራሻ ስላሽ .ኤንቭ ብላችሁ ክፈቱት፣ ከዛ ስላሽ .ጊት ስላሽ ኮንፊግ። ከሁለቱ አንዱ ከተከፈተ ፋይሉን መዝጋቱ ብቻ አይበቃም፣ ውስጡ የነበረውን የዳታቤዝ ፓስወርድና የኤፒአይ ኪይ በሙሉ ያኔውኑ ቀይሩት፣ አክሰስ ሎጉ ላይም ከናንተ በፊት 200 ያገኘ አይፒ መኖሩን ፈልጉ።